የመኪና መብራትና የሌሊት መንገድ

የዱቦ ወገኖቻችን!

ከአረካ ገበያ አምሽተን ስንመለስ መኪናውን ከሩቅ እናየዋለን። ስለዚህ ሾፌሩም ያየን ይመስለናል። ግን ላያየን ይችላል! ከፊቱ ሌላ መኪና ረጅም መብራት አብርቶ ሲመጣ ዓይኑ ይጥበረበራል። የዓይን ብሌን በብርሃን ይጠብባል፤ በጨለማ ይሰፋል። ለመስፋት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከምድጃው አጠገብ ተነሥተን ደጅ ስንወጣ መንገዱ አይታየንም አይደል? እኛ እስኪታየን ቆም እንላለን፤ መኪናው ግን ይሮጣል። ጥቁር በሬማ እንዴት ይታየዋል?

ሾፌሮች ሲተላለፉ መብራታቸውን ዝቅ ማድረግ አለባቸው። ሁሉም አያደርጉም። እኛስ?

በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና በቀኝ ይሄዳል። እኛ በግራ ዳር ከሄድን የሚመጣብንን ፊት ለፊት እናያለን። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ከላይ እንደርብ። መብራቱን ትኩር ብለን አንየው። ሲቃረብ ከመንገዱ ወርደን እናሳልፈው።