ቃርሚያ ልመና አይደለም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንዲት ቃል ልንነጋገር ነው የተነሣነው። አባሎቻችን ለድጋፍ ሲመዘገቡ አንዲት እናታችን «መተዳደሪያዎ ምንድን ነው?» ተብለው ተጠየቁ። «በቃርሚያ ነው የምኖረው» አሉ። መዝጋቢው «በልመና» ብሎ ጻፈ። እናታችን ፊደል አልቆጠሩምና አላዩም፤ የልጅ ልጃቸው አንብባ ስትነግራቸው ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ጠዋት መጥተው «እኔ በሰው ደጅ ቆሜ አላውቅም» አሉን።

ቃረመ ማለት እህሉ ታጭዶ፣ ነዶው ወደ አውድማ ከሄደ በኋላ መሬት ላይ የቀረውን ዛላ አንድ በአንድ ሰበሰበ ማለት ነው። ቃሉ የቆየ ነው፤ ግዕዙም ቀረመ ይላል። ለቀመ ከሚለው ጋር ቢቀራረብም አንድ አይደለም። ቡና ይለቀማል፣ እንጨት ይለቀማል። የሚቃረመው ግን ሌላ ሰው ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶ የተወው ነው። ስለዚህ ከቃራሚዋ በፊት ሁልጊዜ የተወላት ሰው አለ። ልመናም ሰጪ አለው ትሉ ይሆናል። ለማኝ ግን ከሰው እጅ ይቀበላል፤ ቃራሚ ጎንበስ ብላ ከመሬት ታነሣለች።

መጽሐፈ ሩትን የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። ሩት አማቷን ተከትላ ከሞዓብ ቤተ ልሔም የገባችው በገብስ አጨዳ ወራት ነበር። በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም ዋለች፤ ማታም የቃረመችውን ወቃች። በኦሪቱ ሕግ ባለ እርሻው የማሳውን ዳር ሙልጭ አድርጎ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። ቦዔዝ ደግሞ ከዚያ አልፎ አጫጆቹ ከነዶው እየመዘዙ ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ።

ከተማ ውስጥ ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል። ጋዜጠኛ ወሬ ይቃርማል፣ ተማሪ ዕውቀት ይቃርማል። አይከፋንም፤ ወገብ ስለማያሳምም ብቻ እንቀናለን።

ሠርታችሁት ለማታውቁ እንግዶቻችን እንንገራችሁ። የገብስና የማሽላ ዛላ በነጠላ ጫፍ እየተቋጠረ ይሰበሰባል። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ከማሳ አይቃረምም፤ ባለቤቱን አስፈቅደን የአውድማውን ጥራጊ እናነሣለን። ከዚያ በሰፌድ ማበጠር፣ ጠጠሩን ማንቀርቀብ አለ። ይህ ከመሰብሰቡ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ ተጎንብሶ ጣሳ የማይሞላበት ቀን አለ። ማኅበራችን ሲጀመር የመጀመሪያው መዋጮ ብር እንዳልነበረ ታስታውሳላችሁ፤ ከያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣሳ የቃርሚያ እህል ነበር።

ቃርሚያ የሚኖረው መከር ሲኖር ነው። በ1977 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። የሚታጨድ ሲጠፋ የሚቃረምም ጠፋ፤ ብዙ የዋግ ሰው ወደ ኮረም መጠለያ ተሰደደ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። የከተማችን ስም ከረኃብ ጋር መያያዙ አንዳንዶቻችንን ያሳዝነናል፤ ቃል ኪዳን መባሉ ግን ደስ ይላል።

አሁን ያስቸገረን ነገር ይህ ነው። ነዶው እንደተነሣ በዚያው ቀን ከብት ማሳው ላይ ይለቀቃል። መኖ ጠፍቷልና ባለ ከብቶቹን አንፈርድባቸውም፤ ከእኛም መካከል ፍየል ያላት አለች። ከብቱ የረገጠውን ግን ማን ይቃርመዋል? ማሳ ያላችሁ አባሎቻችን፣ ነዶው ከተነሣ በኋላ ሁለት ቀን ስጡን። ሁለት ቀን ይበቃናል፤ ሦስተኛው ቀን የከብቱ ነው። ባሎቻችሁንም አማክሩልን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለን፤ ይኸኛው እንኳ በእርግጥ ልመና ነው። በቅጻችሁ ላይ ቃርሚያ በስሙ ይጻፍ። ቃራሚ ሴት ሥራ አላት፤ የሌላት መሬት ነው። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ የሚያስፈልጋትም ድጋፍ ምን እንደሆነ ይታያል።

የእናታችን ቅጽ ዛሬም በማኅበራችን መሳቢያ ውስጥ ነው። «ካልታረመ ጣቴን ቀለም አላስነካም» ብለዋል።