ቡሎኑ ቀጭ ሲል

እሱ፦ ቡሎን ሞተር ላይ ተሰብሮ ሲቀር መጀመሪያ የሚወቀሰው መካኒኩ ነው።

እሷ፦ ሙቀቱስ? የጭስ መውጫውን ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ጋር የሚያስረው ቡሎን ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይለጠጣል፣ ሲጠፋ ይሰበሰባል። ዓመታት ዝገት ከጨመሩበት ቁልፍ ሲያርፍበት ቀጭ!

እሱ፦ ከዚያ በኋላስ?

እሷ፦ የተሰበረው ቡሎን ጉቶ ወጣ ካለ በያጁ ዳዶ ያጠልቅበትና የዳዶውን ቀዳዳ በብየዳ ይሞላዋል። ጉቶው ግሎ ሲቀዘቅዝ የያዘው ዝገት ይሰነጠቃል፤ ዳዶው በቁልፍ ሲዞር ጉቶውም አብሮ ይወጣል። የብረት ብየዳ አሉሚኒየም ቴስታታ ላይ አይጣበቅም፤ ይሄ መታደል ነው።

እሱ፦ ታዲያ በእሳት ብቻ ማጋል አይቀልም?

እሷ፦ ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ አሉሚኒየም ግን በ660። ነበልባል ይዞ የዘገየ ሰው ቡሎኑን አወጣለሁ ሲል ቴስታታውን ያጣል።

እሱ፦ ውስጥ ከተሰበረስ?

እሷ፦ መሀሉ በነጥብ መምቻ ተመትቶ ወደ ግራ በሚዞር ፑንታ ይበሳል። አንዳንዴ እየተበሳ ራሱ ተፈትቶ ይወጣል። ካልወጣ በተበሳው ቀዳዳ የቡሎን ማውጫ ይገባበታል። ማውጫውን ግን በጉልበት ማዞር ክፉ ነው፤ ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ ውስጥ ከቀረ ተራ ፑንታ አይበሳውም።

እሱ፦ እንግዲህ ባለመኪኖች፣ የዛገ ቡሎን ከማስፈታታችሁ በፊት ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አስረጭታችሁ አሳድሩት።