ስም ሳይታይ ሥራ ሲታይ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በአዳራሽ አሠሪ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆቻችን፣ ወጣቶቻችንና እንግዶቻችን፤



የራሳችን አዳራሽ ይኑረን ብለን መዋጮ ከጀመርን ወዲህ «ፕላኑን ማን ይሥራው?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። ገሚሶቻችሁ ስሙ የታወቀ ትልቅ ድርጅት ይሁን ትላላችሁ። ገሚሶቻችሁ ደግሞ እዚሁ ተምረው ትንንሽ ቢሮ የከፈቱ ልጆቻችን ይሞክሩ ትላላችሁ። መልስ ከመስጠታችን በፊት አንድ እውነተኛ ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ታሪኩ የእስክንድርያ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ይላክልን የነበረው ከእስክንድርያ መንበር ስለሆነ ስሟ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። የግብፅ መንግሥትና ዩኔስኮ በዚያች ከተማ ለጥንቱ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት መታሰቢያ የሚሆን አዲስ ቤተ መጻሕፍት ለማሠራት ሲነሡ ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ወጣ። ከ500 በላይ ንድፎች ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ያሸነፈው ግን በጥቂት ወጣቶች የቆመ፣ ገና ጀማሪ የነበረ ስኖሄታ የሚባል የኖርዌይ ቢሮ ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ንድፎቹ የቀረቡት ያለ ስም ነበር። ዳኞቹ ያዩት ሥራውን እንጂ የሠሪውን ዝና አይደለም። ያዩትም በባሕሩ ዳር እንደ ፀሐይ ብቅ ያለ፣ ጣራው ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ክብ ሕንፃ ነው። ዛሬ በግራናይት ግድግዳው ላይ የብዙ ሕዝቦች ፊደላት ተቀርጸው ይታያሉ።

ይሁንና ማሸነፍና መጨረስ አንድ አይደሉም። ግንባታው በ1995 ተጀምሮ የተመረቀው በ2002 ነው። ባሸነፉ በ10ኛው ዓመት እንኳ ሕንፃው አላለቀም ነበር። 10 ዓመት ሞልቶን አዳራሻችን ገና ከወረቀት አልወረደም ብለን ለምናዝን ይህ መጽናኛ ነው። ያው ቢሮ በ2000 የኦስሎን ኦፔራ ቤት ውድድርም አሸነፈ። በ2008 የተከፈተው ያ ቤት ጣራው ሕዝብ የሚንሸራሸርበት ሆኗል።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። እኛም ሥራ ስንሰጥ ከችሎታ ይልቅ ትውውቅን፣ «የማን ልጅ ነው? ከየት ነው?» የሚለውን ያስቀደምንባቸው ጊዜያት ነበሩ። ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ትልቁም ትንሹም ይወዳደር፤ በፕላኑ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ስሙ በታሸገ ፖስታ ይቆይ። ትልቁ ድርጅት ቢያሸንፍ ይገባዋል። ልጆቻችን ቢያሸንፉ ደግሞ ማንም «በዘመድ ነው» ሊላቸው አይችልም።

በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ስትሰጡ ይህን እንድታስቡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።