ስለ ጥንት ፊደል ምልክትና ስለ ተጣፈ ልብስ የተነገረ ንግግር



በአማርኛ «ጣፈ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጓሜ አለው። አንዱ እራፊን በእራፊ ላይ ደርቦ ሰፋ ማለት ነው፤ ሁለተኛውም «ጻፈ» የሚለውን ሕዝብ በአፉ አለዝቦ ሲናገረው ነው። እንግዲህ ጨርቅ እየቈረጠ በጨርቅ ላይ የጥንቱን ፊደል የሚሰፋ ሰው ሁለቱንም ሥራ ባንድ መርፌ ይፈጽማል። ድሪቶ የድኻ ልብስ ነው ተብሎ ቢናቅም፥ ሥራው የነገሥታት ቤትም ሥራ ነበረ። በ1881 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር በግብጽ በዴር ኤል ባሕሪ የተገኘው የኢሲምኸብ የቀብር ድንኳን ከልዩ ልዩ ቀለም ቆዳ ተቈራርጦ የተሰፋ ነው፤ የግብጽም የሥዕል ጽሕፈት አለበት።

ለመርፌ ሥራ ግን ከግብጹ ጽሕፈት ይልቅ የሲናው ምልክት ይስማማል፤ ቍጥሩ ጥቂት፥ ቅርጹም ቀላል ነውና። በሲና ምድር በሰራቢት ኤል ኻዲም፥ ግብጻውያን የከበረ ሰማያዊ ድንጋይ በሚያወጡበት ስፍራ፥ እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1905 ዓ.ም. በድንጋይ የተቀረጸውን አገኘ። አላን ጋርዲነርም በ1916 ዓ.ም. የንባቡን መንገድ አሳተመ። እያንዳንዱ ሥዕል የሚቆመው ለስሙ መጀመሪያ ድምፅ ነው፤ የበሬ ራስ አልፍ፥ የቤት ንድፍ ቤት፥ የውኃ ሞገድ ማይ፥ የሰው ራስ ርእስ ይሆናል። ከዚህ ወገን የወጣው ፊደል በደቡብ ዓረብ በኩል አልፎ የግዕዝ ፊደል ወላጅ ሆነ። የ«ዐ» ክብ ቅርጽ እስከ ዛሬ ያው የጥንቱ ዐይን ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ጋርዲነር በመጀመሪያ ለይቶ ያነበበው ቃል ቤት፥ ዐይን፥ ላዊና ታዊ የተጻፈበት ነው፤ ይኸውም «በዓልት» ማለት ነው። በግዕዝም በዓልት እመቤት ናት። የሲናይቱ እመቤት ግን ግብጾች ሐቶር እያሉ ያመለኳት ጣዖት ነበረች። የመጨረሻው ምልክት ታዊ ደግሞ መስቀል ይመስላል። ስለዚህ ትርጓሜውን ያልጠየቀ ሰው መስቀሉን አይቶ ደስ ብሎት ቢገለብጠው፥ ለደብሩ አዳራሽ ብሎ የሰፋው መጋረጃ የጣዖት መባ ጽሕፈት ሁኖ ይገኝበታል። «ጌጥ ነው፤ ማን ያነበዋል?» የሚል አይጠፋም። የሲናው ድንጋይም ከ3000 ዓመት በላይ አንባቢ አጥቶ ቈይቶ፥ ኋላ አንባቢ መጣለት።

የሚሻለው ምልክቶቹን ወስዶ የራስን ቃል መጻፍ ነው። በሬና ቤት ቢከተሉ «አብ» ይሆናል፤ በሬና ውኃ ቢከተሉ «እም» ይሆናል። በዚያ ዘመን ተነባቢው ብቻ ይጻፍ ነበርና ካዕብና ሣልስ አይፈለግም። ከላይ ወደ ታች ቢጻፍ፥ ከቀኝም ከግራም ቢጀመር ከጥንቱ ልማድ አይወጣም፤ የምልክቶቹ ተራ እንዳይፋለስ ብቻ ይጠበቅ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መደቡ የአሸዋ መልክ ያለው አቡጀዲ ይሁን። ምልክቱ በወረቀት ተነድፎ ይቈረጣል፤ ጨርቁም በወረቀቱ ልክ ጥቂት ትርፍ ተተውሎት ይቈረጥና ትርፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ክሩ በማይታይ ስፌት ይያዛል። በበሬው ቀንዶች መካከል ያለው ጥግ ብዙ ሰፊ ያስቸግራል፤ ትርፉን በመቀስ ጫፍ እስከ እጥፋቱ አጠገብ መሰንጠቅ ያሻል፥ እጥፋቱን ካለፈ ግን ጨርቁ ይተረተራል። ክቡን ዐይን ለመሥራት በጨርቁ ዙሪያ ክር አስገብቶ በክብ ወፍራም ወረቀት ላይ መሰብሰብ፥ ኋላም ወረቀቱን ማውጣት ነው። የውኃው ሞገድ ቀጭን ስለ ሆነ በጨርቅ ከመድከም በጥልፍ ቢሠራ ይበልጣል። ከዚህ በኋላ ከሥሩ ባዘቶ፥ ከባዘቶውም በታች ገበር ይደረግና ሦስቱ ባንድነት ይሰፋሉ። ስፌቱ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሂድ፤ ከዳር ቢጀመር ጨርቁ መካከሉ ላይ ይሰበሰባል። በምልክቱ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ቢሰፋ ፊደሉ እንደ ተቀረጸ ከፍ ብሎ ይታያል።

ቃል የተጻፈበት ልብስ በእግር እንዳይረገጥ አይነጠፍም፤ ይሰቀላል እንጂ። ስለዚህ ከጀርባው በላይኛው ዳር በትር የሚያልፍበት ሰፊ እጥፋት ይሰፋለት፤ ሲሰቀልም ከመስኮት ትይዩ አይሁን፥ ቀለሙን ፀሓይ ይበላዋልና።