ሽማግሌው በምን ይመዘናል?



ሰው ከልደት እስከ ሞት የሚያልፍበትን ዕድገት የሚመረምረውን የሥነ ልቡና ትምህርት ስንማር፥ ከሁሉ ይልቅ ሐሳቤን የያዘው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰው ሲያረጅ አእምሮው በርግጥ ይደክማልን? የሚል ነው።

ብዙ ዘመን መልሱ ቀላል ይመስል ነበር። የ20 ዓመት ወጣትና የ70 ዓመት ሽማግሌ ባንድ ቀን ይፈተናሉ፤ ሽማግሌው ዝቅ ያለ ውጤት ሲያገኝ «እርጅና አደከመው» ይባላል። ዋርነር ሻዬ የተባለው ሊቅ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1956 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ 500 ሰዎች ፈተነ፤ ከዚያም በየ7 ዓመቱ ከነዚያው የተገኙትንና አዲስ የተጨመሩትን እየፈተነ ተከታተላቸው። ፍጥነት ቀደም ብሎ ቢቀንስም፥ አብዛኛው ችሎታ እስከ 60 ዓመት ገደማ ብዙም እንደማይጎድል አገኘ። ባንድ ቀን ፈተና እርጅና መስሎ የታየው ልዩነት ብዙው ክፍል የትውልድና የትምህርት ልዩነት ነበር።

ይህ ነገር እኛን በቅርብ ይነካናል። ከመካከላችን ወላጆቹ ፊደል ያልቈጠሩ ስንት ነን? እኔ ራሴ አባቴ የጻፍሁለትን ደብዳቤ በሰው ሲያስነብብ፥ «አርጅቷል፤ ምን ይገባዋል» ያልሁበት ጊዜ አለ። እርሱ ግን የድንበር ክርክር ለማስታረቅ በተቀመጠ ጊዜ የሁለቱን ወገን ነገር ከነምስክሩ በቃሉ ይዞ ይመልሳል። የጎደለው ትምህርት ቤት ነው እንጂ አእምሮ አይደለም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፥ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ፥ ሽማግሌውን ከመመዘናችን በፊት ሚዛኑን እንመርምር።