ለአዲሷ እንቁራሪት መጀመሪያ ለብቻዋ ማደሪያ

አንደኛ አቅራቢ፦ የአውስትራሊያዋ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት በብዙ አገር በቤት እንስሳነት ትያዛለች። መኖሪያዋ ግን ቀድሟት ይሰናዳል፤ መውጫ ቅርንጫፍ፣ እርጥበት፣ ክሎሪን የወጣለት ውሃ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ቤት ውስጥ ሌሎች እንቁራሪቶች ካሉስ? ወዲያው ትቀላቀላለች?

አንደኛ አቅራቢ፦ ኧረ በፍጹም! ከ30 እስከ 90 ቀን ለብቻዋ ብትቆይ ይመረጣል። ከሥሯ እርጥብ የወረቀት ፎጣ ይነጠፋል፤ ዓይነ ምድሯ በቀላሉ ተለይቶ ለጥገኛ ትላትል ይመረመራል። ነባሮቹ ቀድመው ይመገባሉ፤ እሷ በመጨረሻ፣ በራሷ ዕቃና በአዲስ ጓንት።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይህ ሁሉ ለምን?

አንደኛ አቅራቢ፦ በዋናነት ኪትሪድ የተባለውን ፈንገስ ለመከላከል። እንቁራሪት ውሃና ጨው የምታመጣጥነው በቆዳዋ ነው፤ ፈንገሱ ቆዳውን ሲጎዳ ልቧ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ቢያንስ 501 የአምፊቢያን ዝርያዎች በዚህ በሽታ እንደተመናመኑ ገምቷል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ለሰውስ?

አንደኛ አቅራቢ፦ ለሰው የሚያሰጋው ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ይመከራል።