ሰንጠረዥና ቅኔ በመዘምራን ድምፅ



ባለፈው ክረምት ሳንጃ ላይ ያሰማነውን መዝሙር በተመለከተ «ስለ ምን በሁካታ ይጀምራል?» እየተባልን ብዙ ጊዜ ስለተጠየቅን፣ አሠራሩን ልናስረዳችሁ ቀርበናል።

መነሻችን የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ከምንጫወተው ቼዝ ከሚለይባቸው ነገሮች ዋናው አጀማመሩ ነው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህም ወረራ ይባል ነበር። አንድ ጠጠር የተበላ እንደሆነ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ተራ በተራ ይሆናል።

አሰላለፋችንን የወሰድነው ከጎንደር ማኅሌት ነው። እዚያ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ቆመው ይቀባበላሉ፤ ለእኛም ነገሩ የሰንጠረዥ ገበታ መስሎ ታየን። ዜማውን ግን አልነካንም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የቤተ ክርስቲያን ነውና እንደ ልባችን ልንቆራርጠው አልደፈርንም። ግጥሙን በጉባኤ ቃና አምሳል ሁለት ቤት አድርገን በአማርኛ ጻፍነው። መጀመሪያ ሁሉም ዘማሪ ሁለቱን ቤት በየራሱ ፍጥነት ይላል፤ ቃሉ አይለይም። ከበሮው አንዴ ሲመታ ጸጥ ይሆናል፤ ከዚያም ቀኙ ሰሙን ሲያነሣ ግራው ወርቁን ይመልሳል።

በአጨራረሱ ተጣላን። በሰንጠረዥ ንጉሥን በፈረስ መርታት እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ በወታደር መርታት ግን ያስከብር ነበር። ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል ድምፁ ቀጭን ለሆነው ለታናሻችን ሰጠነው። አውራ ድምፃችን ቅር ብሎት ሁለት ልምምድ ቀረ፤ (አሁን ታርቀናል፤ ቢሆንም ፍርዱን አላነሣንም።)

ሳንጃ ላይ ያጋጠመን ግን ከዚህ የከበደ ነው። እኛ ወረራን የጨዋታ ቃል አድርገን ነበር የያዝነው። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ አፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። በዚያ ቆላ ይህ ገና ይወራል። መዝሙሩ ሲያበቃ አንድ አዛውንት ጠርተውን፣ «ልጆቼ፣ ከበሮአችሁ ቸኮለ። በዚህ አገር ወረራ ባንድ ሰው መውደቅ አልቆመም» አሉን።

የምንመልሰው አጣን። የሰንጠረዡን ሕግ እንዳንተው የመዝሙሩ መሠረት እሱ ነው፤ እንዳንተወውም ሽማግሌው የተናገሩት እውነት ነው። በመጨረሻ ከበሮው ከተመታ በኋላ አንድ ድምፅ ብቻ ሳይሰማ ወረራውን እንዲቀጥል አደረግን፤ ቅብብሉም በእሱ ላይ ይሄዳል። ግማሾቻችን መዝሙሩ ተበላሸ ይላሉ። የፊታችን ረቡዕ ማታ በአዳራሹ በሁለቱም ዓይነት እናሰማችኋለን፤ የትኛው እንዲቀር ንገሩን።